አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ

ባልቲሞር ወደብ ላይ፣ ከመርከቧ ሆድ ውስጥ፣
ወረደ አውቶቡሱ፤ ጨው በጠጣ መስታወቱ ደመና ሲለዋወጥ።
ቨርሊን ሊያመጣው ሄዶ፣ ሦስት ቀን ነድቶ፣
ኔብራስካ ሲገባ፣ ከድካሙ ይልቅ ዝምታው ገርሞት መጥቶ፣
«ይሄ ነገር» አለን፣ «ይሄዳል፤ አይናገርም።
እንዲህ ያለ ጨዋ በዕድሜዬ አልነዳሁም።»

ወይዘሮ ሩዝካ ግን ሂሳቧን ታውቃለች፤
ባሏ ትቷት የሞተ ዘጠኝ ሽማግሌ አውቶቡስ ስታስታምም ባጅታለች።
የአገሯ ፋብሪካ «ሁለት ዓመት ጠብቂ» ሲላት፣
የባሕር ማዶው ሻጭ በስምንት ወር ላከላት፤
በዚያ ላይ ረከሰ፣
በዚያ ላይ ሰው ሜዳውን እንዲያይ መስኮቱ እስከ ጉልበት ፈሰሰ።

ከተማው ግን አማ።
ከነዳጅ ማደያው፣ ከፀጉር ቤቱ ወንበር ዙሪያ፣ እንዲህ ሲባል ተሰማ፦
«የወንድሜ ልጅ ከፋብሪካ ተቀንሶ ቤት ሲውል፣
እሷ የሰው አገር ብረት ታሰልፍ? ይሄ ነው የኛ ውል?»
የሁሉም ቅድመ አያት በመርከብ ነው የመጣው፤
ግን ምላጭ አንገት ላይ ሳለ፣ ይሄን ማን ያንሳው?

እኔ ያኔ ጋራዡ ውስጥ ባትሪ ያዥ ነበርኩ፤
አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከኤሜት ድቮራቼክ ብብት ሥር አጎንብሼ ከረምኩ።
ኤሜት አርባ ዓመት ያጠራቀመው ቁልፍ፣
በቀይ ሳጥን ተኝቷል፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ በሰልፍ፤
ሁሉም በኢንች የተለካ፦ ግማሽ፣ ሦስት ስምንተኛ፣
ጨለማ ውስጥ በጣቱ የሚቆጥረው፣ መቁጠሪያ እንደያዘ ጸሎተኛ።

እንግዳው ብረት ግን ኢንች የሚባል አያውቅም።
ግማሹ ይጠበዋል፤ ዳዶውን አይጎርስም።
ተከታዩ ይሰፋል፤ ሲይዙት ይንሸራተታል፣
የዳዶውን ጠርዝ በልቶ ድቡልቡል ያደርገዋል፣
ጉልበት ሲጨመርበት፣ ጣት ይልጣል።
ኤሜት የደማ ጣቱን ምጥጥ አደረገና፣
«በኛ ቋንቋ አይሰማም» አለኝ። «ያዝ ባትሪውን፣ እንደገና።»
የሚሊሜትር ቁልፍ ግዛ ቢባል፣ ሦስት ወር ሙሉ እምቢ አለ፤
«እግሬን ልቁረጥ ለጫማው?» እያለ።

ጥር ላይ፣ ከኦማሃ ወዲህ፣ ውርጭ ሜዳውን ሲልስ፣
የማሞቂያው ፓምፕ ተሰንጥቆ፣ ውሃው አስፋልት ላይ ሲፈስ፣
ቨርሊን ጥግ ይዞ ቆመ። ከኋላው ሠላሳ ስምንት አዛውንት፣
ለቤተ ክርስቲያን የእጅ ደወል የሚመቱ፣ ደወላቸውን የታቀፉ፣ በካፖርት።
ሲንቀጠቀጡ፣ ደወሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤
ማንም ሳይመራው፣ ዜማ ቢጤ ወጣ፣ ተቋረጠ።

ሩዝካ ፋብሪካው ዘንድ ስልክ መታች። ባሕር ማዶ ነግቷል።
አንዲት ሴት፣ በትሕትና፦ «ዕቃው በሦስት ሳምንት ይደርሳል።»

ኤሜት ቃል አልተነፈሰም። ሣር ወደበላው ግቢ ጥግ፣
ከሞተ አራት ዓመት ወደሞላው ቁጥር ሰባት ሄደ፣ በረዶውን በእግሩ ሲጠርግ፤
በጀርባው ተኝቶ፣ የድሮውን ፓምፕ በሦስት ሩብ ኢንች ቁልፍ ፈታ፤
እኔ ባትሪ ያዝኩ። መኪና አስነሳን። መንገድ ገባን ማታ።

እዚያ፣ ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር፣ ያንኑ ቁልፍ፣ ሳጥን ያልመለሰውን፣
በስሕተት ይመስለኛል፣ አስነከሰው ዳዶውን።
ነከሰ።
ሳይጠብ፣ ሳይሰፋ፣ ልክ በልክ ደረሰ።
ሦስት ሩብ ኢንች ለካ፣ ፀጉር ቢተርፈው እንጂ፣
አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት አገር ሳይመካከር የሚገናኝበት ደጅ።
ኤሜት አልሳቀም። «እ» አለ። ሌላውን ዳዶ ፈታ።
ከላያችን ደወሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ፣ ሙቀቱ ሽቅብ ሲመታ።

በማግስቱ ከቁልፉ ጀርባ፣ ከፋብሪካው ማኅተም አንጻር፣
19 ብዬ ጫርኩ፣ በምስማር።
አየው። አላለም ምንም።
ቅዳሜ የሚሊሜትር ቁልፎች ገዛ፤ ሌላ ሳጥን ግን አልገዛላቸውም።

ማክሰኞ ፀጉር ቤት፣ «ያ መጤ ብረት እንዴት ነው?» ሲሉት፣ ሳቁ እየቀለጠ፣
«ይበርደዋል» አለና፣ አንገቱን ለምላጩ ሰጠ።